የልጅ ደመወዝ፣ የእናት ቪዛ

ውጭ አገር ሠርቶ የሚኖር ልጅ እናቱን ለጉብኝት ሊያመጣ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰበስበው የራሱን ወረቀት ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የዓመቱ የታክስ ወረቀት፣ በላዩም በኖተሪ የተረጋገጠ የግብዣ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ወረቀቱ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል፤ እናትየውም በክላሰር አድርገው ያስቀምጡታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጃቸው ደህና ደመወዝ ያገኛል፤ እሳቸውንማ አይከለክሏቸውም» ይላል። የተጠየቀው የአሜሪካ ቪዛ ከሆነ ግን ክላሰሩ ሳይከፈት መመለሱ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግልጽ እንዳስቀመጠው ለጉብኝት ቪዛ የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የስፖንሰር የድጋፍ ቃል ማቅረብ ግዴታ አይደለም፤ ውሳኔውም በእነዚህ ላይ አይመሠረትም። የሚመዘነው አመልካቿ በአገራቸው ያላቸው ኑሮ ነው።

ይህን ባለማወቅ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን አውጥቶ ተስፋውን ቀብሯል። ልጅየው «ምን አጎደልኩ?» እያለ ራሱን ይወቅሳል፤ በሁለተኛው ዙር የባንክ ሒሳቡን አሳድጎ፣ ደብዳቤውን አስረዝሞ ይልካል፤ እናትየው ለሁለተኛ ጊዜ ይከለከላሉ። በመሀል የእናትየው የራሳቸው ሕይወት ምን እንደሚመስልና እንዴት ሊያስረዱት እንደሚችሉ የጠየቀ ሰው የለም።

ነገሩ የሚመነጨው እ.ኤ.አ. በ1952 ከወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 214(ቢ) ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው በዚያው ሊቀር እንደሚሄድ ተደርጎ እንዲገመት ያዛል። ግምቱን የማፍረስ ሸክም የተጣለው በአመልካቹ ላይ ነው፤ የሚፈርሰውም ቆንስሉ «አምኛለሁ» ሲል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው ኤምባሲ ይህ ክርክር የሚካሄደው በመስታወት መስኮት በኩል፣ በቁም፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ለምን ይሄዳሉ? ማን ጋር ያርፋሉ? ስንት ጊዜ ይቆያሉ? እዚህ ምን ይሠራሉ? ማንን ትተው ይሄዳሉ? ፓስፖርቱ እዚያው ከቀረ ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ አንቀጹ ከተጠቀሰበት ወረቀት ጋር በመስኮቱ ከተመለሰ አበቃ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣው ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያውያን የጉብኝት ቪዛ አመልካቾች ግማሽ ያህሉ ተከልክለዋል።

ተፈቀደም ተከለከለም የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም። ክፍያው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር አድጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ገንዘብ 11 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ እናት የመንገዱና የማረፊያው ወጪ ሲታከል አንድ «አልተፈቀደም» ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማሰብ አያዳግትም። ይግባኝ የሚባል ነገርም የለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የቆንስልን የቪዛ ውሳኔ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይመረምሩም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በሙኞዝ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ አንዲት አሜሪካዊት ባሏ እንዲገባላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላት ወስኗል። ለሚስት ያልተሰጠ ለልጅ ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም። የሚቀረው እንደገና ከፍሎ እንደገና መሰለፍ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ሕጉ ጥብቅ መሆኑ ብቻ አይደለም። አንድን ሰው ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረውን ነገር የሚለካበት መንገድ ከእኛ እናቶች ኑሮ ጋር ጨርሶ አለመገናኘቱ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ አንዲት የደሴ እናትን እናስብ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። የሚኖሩበት ግቢ የራሳቸው ነው፤ ካርታው ግን ዛሬም በሟች ስም ነው፤ «ማን ይወስድብኛል» ብለው ስሙን አላዛወሩትም። በግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ያከራያሉ፤ ኪራዩን በእጃቸው ይቀበላሉ፤ ውል የሚባል ነገር የለም። የሰፈሩ ዕድር ነባር አባል ናቸው፤ ቀብር ቀርተው አያውቁም። የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ዕቁብም አላቸው። ታናሹ ልጃቸው ከነሚስቱ እዚያው ግቢ ነው፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። የባለቤታቸው መቃብር ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ መቃብራቸውም ከጎኑ እንዲሆን ተናዘዋል። እኚህ ሴት ሜሪላንድ በሚገኝ አፓርትመንት ውስጥ ሰው በሌለበት ተቀምጠው ሊቆዩ የሚችሉት ስንት ወር ነው? የሚያውቃቸው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ግን የደመወዝ ወረቀት የላቸውም፤ ንብረት በስማቸው የለም፤ ባል የላቸውም፤ አሜሪካ የሚኖር ልጅ ግን አላቸው። በዚያ ሚዛን ሲቀመጡ የማይመለሱ ሰው መስለው ይታያሉ።

የስማችን ሥርዓት ሌላ እንቅፋት ይጨምራል። በእናትና በልጅ ፓስፖርት ላይ የሚገናኝ ስም የለም። ልጁ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዟል፤ እናትየው የራሳቸውን አባትና አያት። ዝምድናውን የሚያሳየው የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ አዋቂው ልጅ ይዞ የሚቀርበው ወረቀት ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣ ነው። እዚያ ላይ የእናትየው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ የትውልድ ዘመናቸውም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲዞር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከተዛነፈ ጥርጣሬ መፈጠሩ አይቀርም። ይህን ከቀጠሮው በፊት አይቶ ማስተካከል የልጁ ትልቁ እርዳታ ነው፤ ከባንክ ስቴትመንቱም ይበልጣል።

ወረቀት ሊሆን የሚችለውን ወረቀት ማድረግም ይቻላል። የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ካርታውን ወደ ስማቸው ማዛወር፣ ኪራዩን በውል አድርጎ ገንዘቡ በየወሩ ባንክ እንዲገባ ማድረግ፣ የዕድሩን የአባልነት ደብተር መያዝ፣ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ወይም ዑምራ አድርገው የተመለሱ ከሆነ ያንን ጉዞ የሚያሳየውን ፓስፖርት ማቅረብ። ይህ በአንድ ሳምንት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ዓመት አስቀድሞ የሚታሰብ ነው። ቆንስሉ አንዱንም ላያየው ስለሚችል ደግሞ ዋናው ነገር ከእናትየው አፍ የሚወጣው ቃል ነው። «የልጄ ሚስት ወልዳ አራስ ልጠይቅ ነው፤ ለጥምቀት እመለሳለሁ፤ በየካቲት የባለቤቴ ሙት ዓመት አለ፤ ቤቱን ታናሹ ልጄ ይጠብቃል» የሚሉ እናት ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ስለ ራሳቸው ተናግረዋል። በአማርኛ መናገር ይቻላል። የሚፈለገው ያጠኑትን መድገም ሳይሆን የሚያውቁትን ኑሮ ሳይፈሩ መናገር ነው።

ደላላው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፎርም እንሞላለን፣ ፕሮሰስ እናደርጋለን፣ ለቃለ መጠይቅ እናዘጋጃለን የሚሉ ሰዎች በየከተማው ሞልተዋል። ፎርሙን በትክክል ሞልተው የሚሸኙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተር ለማያውቁ እናት ይህ አገልግሎት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው «አሜሪካ ልጅ አለኝ አይበሉ» ሲሉ ነው። ዲኤስ 160 የተባለው ማመልከቻ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ እንዳለ፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ከዚህ በፊት የስደተኛ ቪዛ ጥያቄ የቀረበላቸው እንደሆነ ለይቶ ይጠይቃል። ልጁ በዲቪ ይሂድ በጥገኝነት ወይም በጋብቻ፣ የወላጆቹን ስም በገዛ እጁ ሞልቶ ያስገባው ከዓመታት በፊት ነው። መንግሥቱ ያንን ማኅደር ይዟል። እናትየው «ልጅ የለኝም» ሲሉ ተራ ክልከላ የነበረው ነገር ወደ ማጭበርበር ይለወጣል፤ በአሜሪካ ሕግ በአስፈላጊ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው የሚጣልበት እገዳ የዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ዜግነት አግኝቶ በሕጋዊ መንገድ ሊጠራቸው ቢፈልግ እንኳ ያቺ አንዲት ቃል እንቅፋት ትሆንበታለች። ለቃለ መጠይቁ ሰሞን ተበድሮ ባንክ የገባ ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ ሒሳቡ መቼ እንዳደገ ከስቴትመንቱ በግልጽ ይታያል። ደላላው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ መዝገቡ በእናትየው ስም ይቀራል።

የጋባዡ ቦታ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ የሚፈርመው ሰነድ እውነተኛ ግዴታ ነው። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ቀርቦ፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የቤት ኪራይ ውሉን አሳይቶ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ ይፈርማል፤ ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ድረስ ይላካል። እናትየው ታመው ሆስፒታል ቢገቡ ወይም ተገደው እንዲመለሱ ቢደረግ ወጪውን መንግሥት ከልጁ ይጠይቃል። ከባድ ፊርማ ነው፤ ደመወዙ ግን እዚያ ዋጋ አለው። የሼንገን አገሮች ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ። ሲከለክሉ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ አመልካቹም ይግባኝ የማለት መብት አለው። በዚህ በኩል ከአሜሪካው የተሻለ ፍትሕ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ እንድትቀበላቸው የተወሰነባቸውን ዜጎቿን በመመለስ አልተባበረችም በማለት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። በመደበኛው አሠራር በ15 ቀን የሚታየው ማመልከቻ 45 ቀን ሆነ፤ ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ ቀረ። ሁለት መንግሥታት ባልተግባቡበት ጉዳይ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያነሡ የሚሄዱ አያት የሚቀጡበት ምክንያት አይታየኝም። እሳቸው ማንንም አልሸሸጉም። እርምጃው የተሳሳተ ሰው ላይ ያረፈ ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንሄድ ሁሉ ነገር ጋባዡ ነው፤ የሚጠየቀውም ደመወዙ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ደንብ እናት፣ አባት ወይም ልጅን ለጉብኝት ለመጥራት ጋባዡ በወር ቢያንስ 4,000 ድርሃም ማግኘት አለበት። በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት ይህ ሩቅ ነው። ከሁሉም በላይ እናቷ የሚናፍቋት፣ ከቤት ሳትወጣ ዓመታት የምታሳልፈው ልጅ፣ የመጋበዝ አቅም የሌላትም እሷው ናት።

በእኔ እይታ ነገሩን በቅጡ ያሰበበት የካናዳ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ሱፐር ቪዛ» የሚባለው ለወላጆችና ለአያቶች ተብሎ የወጣ ነው። ልጁ በቤተሰቡ ብዛት የተወሰነ ገቢ እንዳለው ያሳያል፤ ለወላጁ ቢያንስ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል፤ ቪዛው እስከ 10 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት መቆየት ይፈቀዳል። ቆንስሉ የእናትየውን የመመለስ ሐሳብ እዚያም ይመረምራል። ቢሆንም እናት ልጇ ጋር የምትሄደው ለሽርሽር እንዳልሆነ፣ ልጁም ኃላፊነት መውሰድ እንደሚችል ሕጉ ተቀብሏል። አሜሪካም እንዲህ ያለ በር ብትከፍት ለመንግሥቱም ይበጀዋል፤ የኢንሹራንሱን ወጪ ልጅ ከፍሎ፣ የመመለሻውን ዋስትና ልጅ ፈርሞ የሚመጣ እንግዳ በማንም ላይ ሸክም አይሆንም።

«ለምን ግሪን ካርድ አያወጣላቸውም?» የሚል አለ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ወላጁን መጥራት አይችልም፤ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ መሆን አለበት። ዜጋ ቢሆንስ? ግሪን ካርድ አሜሪካ ኗሪ ለሚሆን ሰው የሚሰጥ ነው፤ ብዙ እናቶች ደግሞ ኗሪ መሆን አይፈልጉም። ልጃቸውን አይተው፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ወደ ዕድራቸውና ወደ ደብራቸው መመለስ ነው ሐሳባቸው። ለዚህ ሐሳብ የተሠራው የጉብኝት ቪዛ ነው። ቪዛው የሚከለከላቸው ግን በትክክል ይህንኑ ማሳመን ስላልቻሉ ነው።

ቪዛው ከተመታ በኋላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ አድርጋዋለች፤ ቀድሞ ሁለት ዓመት የሚያገለግልና ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ነበር። ሦስት ወሩ ወደ አገሯ የሚገባበት ጊዜ እንጂ የሚቆዩበት ጊዜ አይደለም። የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው አየር ማረፊያው ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል፤ ቀኑ የሚመዘገበውም አይ 94 በተባለው መዝገብ ላይ ስለሆነ ልጁ እናቱ በገቡ በማግሥቱ ከኢንተርኔት አውጥቶ ማየት አለበት። ጉዞውን በተመለከተ ደግሞ ቋንቋ ለማይችሉ እናት ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ማዘዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ መራመድ ቢችሉም ከአውሮፕላኑ በር እስከ ሻንጣው ድረስ የሚመራቸው ሰው ያገኛሉ።

ኢንሹራንስ አሜሪካ ለጎብኚ ግዴታ ስላልሆነ ብዙ ልጅ ይዘለዋል። የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናት ይዞ ይህን መዝለል አደገኛ ነው። የድንገተኛ ክፍል ሕግ ስለሚያስገድደው ማንንም ተቀብሎ አስቸኳይ እርዳታ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ግን ቤት ድረስ ይመጣል፤ የአንድ ሌሊት ሒሳብ የልጁን የዓመት ቁጠባ ሊበላ ይችላል። ኢንሹራንሱ ሲገዛም አስቀድሞ የነበረ በሽታን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ማንበብ ያሻል፤ ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑም።

በመጨረሻ ሁሉም የሚፈተንበት የመመለሻው ቀን ነው። ልጅ እናቱን መልቀቅ ይከብደዋል፤ ሕፃኑን የሚይዝለት ሌላ ሰው የለም፤ «ትንሽ ይቆዩልኝ» ይላል። በቂ ምክንያት ካለ ቀኑ ከማለቁ በፊት አይ 539 በተባለው ፎርም ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠይቁ ዝም ብሎ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ከተፈቀደላቸው ቀን ከ180 ቀን በላይ አሳልፈው የወጡ ሰው ለሦስት ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፉ ደግሞ ለአሥር ዓመት እንዳይገቡ ይታገዳሉ። ሰባ ዓመት ለደረሱ ሰው አሥር ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለልጅ መንገር አያስፈልግም። ጉዳቱ በእሳቸው ላይ ብቻ አይቆምም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የበርካታ አገሮችን ዜጎች ስታግድ በአዋጁ ላይ ከጠቀሰቻቸው ምክንያቶች አንዱ ጎብኚዎች ቀን አሳልፈው የቀሩበት መጠን ነው። ቁጥሩ የሚቆጠረው በአገር ስለሆነ አንዱ የቀረበት ቀን ለሌላው እናት ማመልከቻ እንቅፋት ይሆናል።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። የራሳችሁን ወረቀት ከመሰብሰባችሁ በፊት ወደ እናታችሁ ደውሉና መምጣት ይፈልጉ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚሹ፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠይቋቸው። ፎርሙን ከእሳቸው ጋር መስመር በመስመር አንብባችሁ ሙሉ፤ አንድም የሐሰት ቃል አታስገቡበት። ከመጡላችሁም ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አትግፉ። በቀናቸው የተመለሱበት መዝገብ ለሚቀጥለው ማመልከቻቸው የሚያቀርቡት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው።